አማቴና መጭመቂያው ፒንሳ

የመኪናና የባጃጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሱቄ ነቀምቴ ውስጥ፣ ወደ አንገር ጉቲን በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ከሚጠብቁበት አጠገብ። ሱቅ የምለው ለራሴ ክብር ብዬ ነው እንጂ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲደበድበው ከደንበኛ ጋር የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። አንዱ የጡሩምባውን ሽቦ ቀጥዪልኝ ሲለኝ የዝናብ መጥረጊያውን የፈታሁበት ቀን አለ።

ሴት ሆነሽ እንዴት እዚህ ሥራ ገባሽ የሚል ሰው አይጠፋም። ከትልቅ ምክንያት የመጣ ይመስላቸዋል። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጉቲን የሰፈረ ገበሬ ነበር። በዚያ ሰፈራ ውስጥ በየቀኑ ጫማ የሚያደርገው የእርሻው ትራክተር ኤሌክትሪሻን ብቻ ነበር። እኔም ጫማ እፈልግ ነበር። ከዚህ የጠለቀ ምክንያት የለኝም።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምወደው መጭመቂያ ፒንሳዬን ነው። ላላየው ሰው ልንገር። በሽቦ ጫፍ ላይ የምትገባ ትንሽ የመዳብ ቆብ አለች፤ እኛ ካፒኮርዳ እንላታለን። የሽቦው ልባስ ጫፉ ላይ ይላጣል፣ የተላጠው ቆቧ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፒንሳው መንጋጋ መሃል ገብቶ ይጨመቃል። በደንብ ከተጨመቀ ሽቦውና ቆቧ አንድ ሥጋ ይሆናሉ፤ መጋቢም ቄስም አያስፈልጋቸውም። በደንብ ካልተጨመቀ ግን የጉቲን መንገድ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይፋታሉ። ፋኖሱ፣ የፊት መብራቱ፣ ይጠፋል፣ ወይም ሽቦው ይግልና የጎማ ሽታ ይመጣል፣ ሾፌሩም ሰይጣን ገባብኝ ይላል።

በተራ ፒንሳ የሚጨምቅ ሰው ሞልቷል። ተራ ፒንሳ ግን የሰውየውን ስንፍና ይከተላል፤ እጁ ሲደክመው አብሮት ይለቃል። የኔው እጀታው ውስጥ ጥርስ አለው። አንዴ መጭመቅ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ካልሄደ አፉን አይከፍትም። በዚህ ከተማ የጀመረውን ሳይጨርስ የማይለቅ ከእሱ ሌላ የማውቀው አማቴን ብቻ ነው።

አማቴ ቢላ ከሚባለው አገራቸው የመጡት ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ባሌ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከጉቲን በቆሎ ይጭናል፣ ቤት የሚያድረው መንገዱ ሲፈቅድለት ነው። እናቱን አምጥቶ ቤት አስቀመጠና በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔና አማቴ ተያይተን ቀረን። ቁመታቸው በር ይሞላል። እጃቸው ሲያርም፣ ሲያልብና ሲፈጭ የኖረ እጅ ነው፤ ሲጨብጡኝ ቀለበቴ አጥንቴን ያገኘዋል። እኔን «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ «ሃርሜ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት። የሳቸው አማርኛና የኔ ኦሮምኛ እኩል ናቸው፤ ሁለታችንም ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እናደርጋለን። እስካሁን የተቀየመን የለም።

ቤት መዋል አልቻሉም። በጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት ረቡዕ ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን ምን ያድርጉት? አንድ ጥዋት በርጩማቸውን ተሸክመው ሱቄ መጡና ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ እያየሁ ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያዩኝ ነው።

አማቴ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ ቅቤ ነው ብለው ያምናሉ። ለራስ ምታት፣ ለጉልበት፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሚጮህ በር። በዚያ ሰሞን ፒንሳዬ እየደረቀ መጥቶ ነበር። የመዳብ ብናኝና የመንገዱ አቧራ ጥርሱ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ሲጨመቅ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቃቃል። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ከደረቀ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ ይደረግና ትርፉ ይጠረጋል። ዘይት ልገዛ መለዋወጫ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ፒንሳው ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃል።

«ሃርሜ፣ ምን አደረጉት?»

«ደርቆ ነበር። ዳዳ ቀባሁት።» ዳዳ ቅቤ ነው። «እይው፣ አሁን እንደ ጥጃ ይዘላል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ቀን ዘለለ። ከዚያ ጥዋት ሲበርድ ቅቤው ረጋ፣ አቧራ ጠጣ፣ ሸተተ። ዘይት ሥራውን ሠርቶ ዝም ይላል፤ ቅቤ ግን እንደ ዘመድ ነው፣ መጥቶ ይቀመጣል። የሰፈሩ ውሾች ሱቄ ደጃፍ ላይ ስብሰባ ጀመሩ። አጥበዋለሁ እያልኩ፣ ሥራ እየበዛብኝ፣ ሁዳዴ ጾም ገባ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሻን አለ። አባቱ ከጎጃም የመጡ፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያረጀ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን እሱ እያልኩ ብጽፍ ለሚያነበው ይቀላል፤ ደግሞም መጽሐፍ አያነብም። ጾም አይሽርም፣ ቅዳሴ አያስታጉልም፣ ካፒኮርዳ በመዶሻ ይጨፈልቃል። አንድ ቀን የኔን ፒንሳ ሊዋስ መጣ። እጁ ውስጥ እንደገባ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ይሄ የምን ሽታ ነው?»

«ቅቤ ነው ጋሼ» አልኩት።

«በሁዳዴ!» ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ ሱሪውን በሥጋት አየው።

አማቴ ከበርጩማቸው ሳይነሱ፣ «ፒንሳው የኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። አይጾምም» አሉ።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳቁ። ሽማግሌው አማቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ይመስለኛል። ጉሮሮውን ጠረገ። «እሜቴ፣ ለነገሩ እኔ ይሄ አያስፈልገኝም። ልጅቷን ላክብር ብዬ ነው እንጂ፣ በመዶሻ ያሰርኩትን ሽቦ የፈታ የለም።»

«አምጣ» አሉ አማቴ። አማርኛቸው ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። አያውቁት እንደሆነ ወይም አልፈልግም ብለው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ኪሱ ውስጥ ጫፉ የታሰረ ቁራጭ ሽቦ ነበረው፤ እንደኛ ያለ ሰው ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ይኖረዋል። ሰጣቸው። አማቴ ሽቦውን በአንድ እጃቸው ጠቀለሉ፣ ካፒኮርዳዋን በሌላው ያዙና ጎተቱ። ሽቦው ከቅቤ ላይ እንደሚወጣ ፀጉር ተመዞ ወጣ።

«ይሄ ነው?» አሉ።

ሽማግሌው ሁለቱን ቁራጮች ተቀበለ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ በሩን ዘጋ። የተቀየመ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ መጎተት መናገር አለብኝ። የተጨመቀ ሽቦ ሁሉ መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት ይጎተታል። ሕጉ ይሄ ነው፤ ለተለማማጅ ሁሉ የሚነገር ነው። እኔ ግን ስጎትት ቀስ ብዬ ነው፤ የገዛ ሥራው ላይ የሚጨክን ማን አለ? አማቴ ጭካኔ አልቸገራቸውም። ሽማግሌውን ከሸኙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺስ?» አሉኝ። ጠዋት ለአንድ ሚኒባስ የሠራሁትን ሙሉ የሽቦ እስር ተቀብለው አንድ በአንድ ጎተቱት። አብዛኛው ያዘ። አንዳንዱ ግን በሚኒባሱ ባለቤት ዓይን ፊት ወለቀ። በቅቤው ምክንያት መንጋጋው ግጥም ብሎ አልዘጋም ነበር፤ ጥርሱ ሳይጨርስ የጨረሰ መስሎ ይለቃል።

ያን ቀን ሥራ ዘጋሁ። ፒንሳውን በነጭ ጋዝ ዘፈዘፍኩት። የወጣው ነገር ቀለሙ የምስር ወጥ ይመስላል። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው መንጋጋው ውስጥ ያሉትን ጎድጓዶች በብሩሽ ፈገፈጉ። ለቀጭን ሽቦ ቀዩ ጋ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊው ጋ፣ ለወፍራሙ ቢጫው ጋ መሆኑን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ለምን ዘይቱ ጠብታ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ስስታም ብረት» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ጥዋት ጥዋት ፒንሳውን የሚያጸዱት እሳቸው ሆኑ። የሚያጸዱበት የጥርስ ብሩሽ የባሌ መሆኑን ያወቅሁት እሱ ከመንገድ ተመልሶ ጥርሴ ጋዝ ጋዝ አለኝ ሲል ነው።

ሽማግሌው በማግስቱ ሌላ ሽቦ ይዞ መጣ። «እሜቴ፣ የትናንቱ መዶሻ ቀላል ነበር» አለ። አማቴ ጎተቱ፤ ወለቀ። ደግሞ መጣ፤ በሁለት በኩል ጨፍልቆት ነበር። ወለቀ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ለማየት መሰብሰብ ጀመሩ። ሌላ ሱቅ የተሠራ ሽቦ ሁሉ ለአማቴ መምጣት ጀመረ፤ ሰው አዲስ ያሠራውን መኪና እየነዳ መጥቶ «አዴ፣ ማሎ፣ ይቺን ይጎትቱልኝ» ይላል፤ እሜቴ፣ እባክዎ ማለቱ ነው። ከጎተቱ በኋላ የወለቀውን የምጨምቀው እኔ ነኝ። በነቀምቴ ከእኔ በቀር የተጠቀመ የመኪና ኤሌክትሪሻን አልነበረም።

እኔ የሽማግሌውን መመላለስ እልህ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ከባጃጅ ሾፌሮቹ አንዱ ነው ዓይኔን የገለጠው።

«እትዬ፣ ጋሼን ልብ ብለሽ አይተሻል?»

«ምን ሆኑ?»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል።»

አየሁ። ጋቢው ታጥቧል፣ ጢሙ ተከርክሟል፣ ሁልጊዜ ግሪስ የሚሞላው ጥፍሩ ንጹሕ ነው። እንደዚህ ያለ ጥፍር ያለው ኤሌክትሪሻን ወይ ሥራ የለውም ወይ ሐሳብ አለው። ከዚያ አማቴን አየሁ። ሽቦውን እየጎተቱ ይስቁ ነበር። ቤቴ ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ሙሉ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ወሬ በነቀምቴ ባጃጅ አያስፈልገውም። ከአማቴ ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንጌላዊ በሞተር ሳይክል መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ክራቫቱ በንፋስ ትከሻው ላይ ዞሯል። ሞተሩን ሱቄ ፊት አቆመና በርጩማ ተሰጠው።

«አዴ» አለ በኦሮምኛ፣ «ሰዎች ይናገራሉ።»

«ምን ይላሉ?»

«አንድ የሌላ እምነት ሰው በየቀኑ ይመጣል ይላሉ።»

«እውነት ነው» አሉ አማቴ። እየሰሙት ተነሥተው ወደ ሞተሩ ሄዱ፤ ከፋኖሱ ጀርባ የሚታየውን ሽቦ በሁለት ጣታቸው ያዙ። «ይሄን ማን ሠራልህ?»

«አዴ፣ እሱ ደህና...»

ወለቀ። አማቴ ሽቦውን አሳዩት። «በዚህ ነው ማታ ማታ ወደ ጸሎት የምትሄደው? ሰው ልትገድል ነው?» እኔ ሽቦውን እስክጠግን ድረስ ስለ ፋኖስና ስለ ነፍስ ጥበቃ ሰበኩት። ሲሄድ «ገለቶማ አዴ» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ለምን እንደመጣ ትዝ ያለው መንገድ ላይ ይመስለኛል፤ አልተመለሰም። የሽማግሌውም የንስሐ አባት መክረውት ነበር ሲባል ሰማሁ። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ በማግስቱ የመጣው ግን ጋቢውን ለውጦ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሽማግሌው አረማመዱ ተለውጦ መጣ። የያዘውን ሽቦ ለአማቴ በሁለት እጁ ሰጠ። አማቴ ጎተቱ። አልወለቀም። ጠቅልለው ጎተቱ። አልወለቀም። አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ወደ ላይ ጎተቱ፤ ፊታቸው ቀላ፣ ሻሻቸው ተፈታ። አልወለቀም። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ፣ አንዱ ጡሩምባ ነፋ። ሽማግሌው ሰማይ ሰማይ አየ።

አማቴ ግን ሽቦውን አልመለሱም። አንገቱን፣ ከካፒኮርዳዋ የሚወጣበትን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው አጠፉት። ሽቦ ሲታጠፍ እንደ ጅማት መላላት አለበት። ይሄ እንደ ሚስማር ደረቀ፤ ደጋግመው ሲያጥፉት ቀጭ አለና ተሰበረ። ስብራቱ ላይ ነጣ ያለ ብረት ታየ። ወደ እኔ ዘረጉት።

«ኢንታላ ኮ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መዋሸት ፈለግሁ። አልሆነልኝም። «የብየዳ ቆርቆሮ ቀልጦ ገብቶበታል፣ ሃርሜ። ተበይዷል። እንዲህ ከሆነ አይወልቅም፣ ግን መኪናው ሲንቀጠቀጥ አንገቱ ላይ ይሰበራል።»

ጭብጨባው ቆመ። አማቴ ሽማግሌውን አዩት። «ኦቦ» አሉ፣ አቶ እንደማለት፤ «እኔ በእጄ ነበር የምጎትተው። አንተ ግን አታለልከኝ።» ሻሻቸውን አሰሩ፣ በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። ሽማግሌው ወደ ሱቁ ዞረ። መንገዱን ሲሻገር አንድ ሚኒባስ ሊገጨው ነበር፣ ዞሮም አላየው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከበዱኝ። አማቴ ሽቦ ሲሰጣቸው ይጎትታሉ፣ ግን አይስቁም። ቤት ስንገባ በጊዜ ይተኛሉ። እኔ ያን ሰውዬ ከማዶ ስፓና እየቆጠረ እንደተቀመጠ አያለሁ፤ ሰላም ስለው ራሱን ይነቀንቃል። የሁለት ሰው ኩርፊያ መሃል ሱቅ መክፈት ምን እንደሚመስል የገባኝ ያኔ ነው። ሾፌሮቹ እንኳ መሳደብ ቀነሱ።

ረቡዕ አማቴ ጸሎት ሄደው ሳሉ መጣ። «ልጄ፣ እውነተኛውን ልሥራላት። ፒንሳውን ስጪኝ» አለኝ። ቅቤ አይሸትም አልኩትና ሰጠሁት። እኔ የአንድ ባጃጅ ፊውዝ እየፈለግሁ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ያመጣው ሽቦ ግን የባትሪ ገመድ ነበር፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ። ያ ፒንሳ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተሠራም። ሰውየው ቀጭን ሽቦ ለአማቴ አይመጥንም ብሎ ነው መሰለኝ። በሁለት እጁ ጨመቀ፣ በጉልበቱ አግዞ ጨመቀ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፒንሳው ተነከሰ። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድም አለ።

«ጋሼ፣ ቆዩ! የምትለቀው ትንሽ ምላስ አለች፣ እኔ...»

መዶሻው ቀድሞኝ ነበር። እጀታውን መታው። ፒንሳው ተከፈተ፣ በውስጡ የነበረችው ጥምዝ ሽቦ፣ ሞላዋ፣ ግን ፉጨት እያሰማች ወጥታ በባጃጆቹ መሃል ጭቃ ውስጥ ጠፋች። ያለ እሷ ጥርሱ አይመለስም፤ ፒንሳው የብረት ቁራጭ ነው። እኔ ጮህኩ። ሽማግሌው ተንበረከከ። ሾፌሮቹም፣ እኔም፣ ተሳፋሪ ሳይቀር ጭቃው ላይ ተንበርክከን መዳሰስ ጀመርን።

አማቴ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው መንገዱን ሲያቋርጡ እንዲህ አገኙን። ቆመው አዩን።

«እናንተም ጸሎት ጀመራችሁ?» አሉ።

ሽማግሌው ከነጭቃው ተነሣ። «እሜቴ፣ ፒንሳውን ሰበርኩት። በእውነት ልሠራልሽ ብዬ ነው የሰበርኩት» አለ። አንቺ ማለቱን ያስተዋልነው ሁላችንም ነን። አማቴ ፒንሳውን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ለእሱ ሰጡት። «አድነው» አሉ።

ወሰደው። ሱቁን ሳይከፍት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲታገል እናየዋለን። መጀመሪያ ከአሮጌ ጃንጥላ ሞላ አውጥቶ ገጠመ፤ ላላበት። ከዚያ ከአይጥ ወጥመድ ቆርጦ ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ጠነከረና ፒንሳው የያዘውን ሁሉ ሊበላ ደረሰ። አኖ የምትባል ከተማ ድረስ ወርዶ፣ እዚያ የሚያውቀው ብረት ሠሪ ጋ፣ የወጥመዱን ሽቦ በእሳት አለስልሶ እንደገና አስጠምዝዞ መጣ። መንጋጋውንም በቀጭን ሞረድ አስተካክሎት ነበር። ሲያመጣው በጨርቅ ጠቅልሎት ነው፣ ዘይቱም በጠብታ ተደርጎ ትርፉ ተጠርጓል።

እኔ አንድ ሰማያዊ ካፒኮርዳ ጨመቅሁ። ፒንሳው ከበፊቱ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን እስከ መጨረሻ ሄዶ ከፈተ። አማቴ ጎተቱ። ያዘ። አጠፉት፤ ላላ። ያልተበየደ መሆኑን ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። ከዚያ በርጩማቸውን ከግድግዳው መልሰው አዞሩና፣ በእግራቸው አንድ የባትሪ ሳጥን ወደ እሱ ገፉ።

«ቁጭ በል» አሉት።

ሰውየው ሽማግሌ የላከው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ባሌ ቤት በነበረበት እሑድ ሦስት ሰዎች በራችን ላይ ቆሙ፤ አንዱ የደብሩ ሰው፣ አንዱ ከአማቴ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ኦቦ፣ ሦስተኛው የባጃጆቹ ተራ አስከባሪ። ነገሩን የሚናገረው ተራ አስከባሪው ነበር። አንቀመጥም ጉዳይ አለን አሉ። ባሌ በቆሎ ሊያስጭኑት የመጡ መሰለው።

«ልጅህን ለልጃችን» ብሎ ጀመረ ተራ አስከባሪው፣ ከልምድ። ቆመ። እንደገና ጀመረ። «እናትህን ... ለሽማግሌያችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ባሌ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «እናቴን?» አለ። «ከማን ልትለምኑ? ከኔ?»

«ታዲያ ከማን ይለመናል? አባቷ የሉም።»

ባሌ ተራራ ላይ ፍሬን የጠፋበት ሰው ፊት ነበረው። ወዲያው አማቴ ከጓዳ ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቆሙ፣ በሩም ሞላ።

«ይሄን ልጅ አትጠይቁት፤ የራሱን ካልሲ አያገኝም» አሉ። «አንድ ባል ቀብሬአለሁ። ጥሩ ሰው ነበር። ሌላ ባል አልፈልግም፤ ለማጠብም ለመቅበርም ጉልበት የለኝም። እንዲህ በሉት።» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። «ሱቁ ጥዋት እንደሚከፈት ግን እሱም ያውቃል። ይምጣ። መዶሻውን ግን ቤቱ ይተወው። አሁን ግቡና ብሉ።»

ገብተው በሉ።

ሽማግሌው በማግስቱ መጣ። አዝኖ እንደሆነ ፊቱ ላይ ፈለግሁ። ትንሽ ነበር፣ ጢሙ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። መዶሻ አልያዘም። ቆይቶ ከማዶ ያለውን ሱቅ ለቀቀና ጠረጴዛውን ወደ እኔ አሻገረ። አሁን እሱ ልባስ ይልጣል፣ እኔ እጨምቃለሁ፣ አማቴ ይጎትታሉ። ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱ በአማርኛ ይጀምራል፣ እሳቸው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ።

ባለፈው በጋ ጉቲን፣ እናቴ ሰፈር አጠገብ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት የሞተሩ ማስነሻ ስለተበላሸ ጠሩን። ባሌ በቆሎ ሊጭን ስለሚሄድ በአይሱዙው ሄድን። እኔና ሽማግሌው ማስነሻውን አስተካክለን፣ ወፍጮው ተነሥቶ፣ ባለቤቱ ሲያመሰግነን፣ አማቴ ዓይናቸውን ከግድግዳው በሚወርደው አሮጌ የሽቦ እስር ላይ ጣሉ።

«አዴ፣ እሱ ከድሮም ያለ ነው፣ ባይነኩት...» አለ ባለቤቱ።

ነኩት። ወፍጮው ቆመ። አንዱን ጎተቱ፤ ወለቀ። ሌላውን ጎተቱ፤ እሱም። ሁሉንም እንደገና ስንሠራ ቀኑ መሸ። ባሌ በቆሎውን ጭኖ ጠብቆን ጠብቆን፣ አዳራችን እናቴ ቤት ሆነ። እናቴ በጓዳ በኩል ጠርታ፣ «ሰውየው ለአማትሽ ምናቸው ነው?» አለችኝ። «ራስሽ ጠይቂያቸው» አልኳት። ወጥታ ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። አማቴ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ አዲስ የመጣ ዕቃ እንደሚታይ።

«የሥራ ነው» አሉ። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ቅር ያለው አልመሰለኝም።

ጥዋት ስንነሣ ባሌ ገና ተናዶ ነበር። ጭነቱ ዘግይቶበታል። «ዳግመኛ እናቴን ይዤ ብሄድ፣ ሽቦ ባየች ቁጥር ብንቆም!» እያለ ጎማውን ይረግጣል፤ «ከኋላ በቆሎው ላይ ነው የምጭናት» ብሎ ማለ። አማቴ ሰሙት። የፊቱን በር ከፍተው ገቡና መሃል ላይ ተቀመጡ፣ ሽማግሌውን ጠርተው በመስኮቱ በኩል አስቀመጡት፣ በሩንም ዘጉ። ባሌ የቀረችውን ቦታ አየ፤ ለመሪው እንኳ የምትበቃ አትመስልም። ከዚያ እኔን አየኝ።

እስከ ነቀምቴ በቆሎው ላይ የመጣሁት እኔ ነኝ።